ዶማና አካፋ ይዘው የመጡ አድማጮች

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ ሱቄ ገባች። ሰማያዊ ሰደርያ ደርባለች፤ ብብቷ ሥር የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይዛለች። ደሴ ላይ ነግዶ ያረጀ ሰው የሚገዛውን፣ ተከራክሮ የሚሄደውንና ዝናብ ሊያሳልፍ የገባውን ከአረማመዱ ይለያል። ይቺ ከሦስቱም አልነበረችም።

«አባባ፣ ይቺን ወረቀት ግድግዳዎ ላይ ብለጥፍ ይፈቅዱልኛል?»

«ምንድን ናት?»

«ስለሚጥል በሽታ ነው። ሰው ግንዛቤ እንዲኖረው።»

«ለጥፊ» አልኳት። ግድግዳዬ ያልተለጠፈበት ነገር የለም፤ የሚከራይ ቤትም፣ የጠፋ መታወቂያም ተሸክሞ ያውቃል። ልጅቱ ለጥፋ ስትጨርስ ግን አልወጣችም።

«ሌላም ነገር ነበረኝ» አለች። «እርስዎ በከተማው የማያውቁት ሰው የለም ብለውኛል። በሽታው ኖሮበት፣ ወጥቶ ልምዱን የሚያካፍልልን ሰው ያውቃሉ?»

ጎንበስ ብዬ የስኳር ጆንያውን አፍ ማጠፍ ያዝኩ። ጆሮዬ የደከመ መስሏት ጥያቄውን ጮክ ብላ ደገመችው። ጆሮዬ ደኅና ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ መልሴ ፈጣን ነበር።

ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ጠመንጃ የጣለውም እርፍ የጣለውም ነጋዴ ልሁን ያለበት ዘመን ነው። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ እዚሁ ደሴ አራዳ ላይ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሳልባጅ እሸጥ ነበር፤ ፈረንጅ ለብሶ የጠገበውን ልብስ። የፈረንጅ ሱሪ ለእኛ አገር ሰው ረጅም ነው። ቁመቱን ፈረንጅ ሰጠው፤ የምታሳጥረው ግን አጠገቤ ነበረች፤ ከድጃ ትባላለች።

ከድጃ ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ባለው በረንዳ ላይ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ነበራት። የሃያ አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ። አንዱ መጥቶ «ከድጃ፣ ሱሪው አጠረብኝ እኮ» ሲላት፣ ቀና እንኳ ሳትል «ትናንት ስለካህ ደኅና ነበር፤ ሌሊቱን አድገህ እንዳይሆን» ትለዋለች። ሰውዬው ስቆ ይሄዳል። እኔ ሱሪ ሸጬ፣ እሷ ቆርጣ፣ ሁለታችንም ከአንድ ሰው እንበላ ነበር።

በሽታዋን ያወቅሁት በአንድ የሐምሌ ቀን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልብስ ልትመርጥ ከሱቄ ጓዳ ገብታ፣ ከሳልባጁ ቦንዳ አጠገብ ወደቀች። ሰውነቷ ተገተረ፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። እኔም እንደማንኛውም ያገሬ ሰው ክብሪት ጭሬ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ሌላ የማውቀው መድኃኒት አልነበረም። በእጄ ግን አልነካኋትም፤ አረፋው ይጋባል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሦስተኛውን ክብሪት ስጭር ዓይኗን ገለጠች።

«ክብሪትህን ለሲጋራህ አስቀምጠው» አለችኝ፣ ምላሷ ገና እንደተሳሰረ። «ሌላ ጊዜ ራሴ ሥር ጨርቅ አድርግልኝ። በጎኔ አስተኛኝ። እሳት ካለ አርቀኝ። ከዚያ ተወኝ፣ ራሴው እመለሳለሁ።»

«አይጋባም?»

«ቢጋባማ እናቴ ስንት ጊዜ በወደቀች።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምስጢሩን የምናውቀው ሦስት ሆንን፦ እሷ፣ እናቷ እትዬ ዘሐራ፣ እና እኔ። መድኃኒቱን በየወሩ የምትወስደው ኮምቦልቻ ካለ ጤና ጣቢያ ነበር። ደሴ ላይ ብትቆም ከሰልፉ ፊት የሰፈሯ የሸዋ በር ጎረቤት፣ ከኋላ ደግሞ የአጎቷ ሚስት መቆሟ አይቀርም። ስለዚህ «ክር ልገዛ ነው» ብላ በማለዳ ሚኒባስ ትወርዳለች። እኔም ዕቃ በሚመጣበት ቀን አብሬያት እወርድ ነበር። ከደሴ ጉም ወጥቶ የሐረጎን ቁልቁለት በመጠማዘዝ ሲወርዱት መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ኮምቦልቻ ሲደረስ የሰው ፊትም የሚፈታ ይመስለኝ ነበር። መድኃኒቷን በመሐረብ ቋጥራ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ፓፓዬ ገዝተን ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንበላለን።

«እዚህ ደስ የሚለኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፍሬውን እየተፋች። «ብስል እንኳ ‹ማን ሳለች› የሚል የለም።»

ክኒኑን የምትሰጣት ነርስ ሲስተር አልማዝ ትባል ነበር፤ ቅን ሴት ናት፣ ዛሬም ክፉ አላስባትም። አንድ ማኅበር ስለሚጥል በሽታ ሕዝብ የሚማርበት ቀን አዘጋጂ ብሏት፣ ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራና ኮፍያ የሚያቀርብ ነጋዴ ትፈልጋለች። እኔ ይህን ስሰማ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ። ለመሆኑ እኔ ካናቴራ የሚሸጥበት ቦታ አጠገብ ያልነበርኩበት ቀን አለ?

«ካናቴራው ቀላል ነው» አለችኝ ሲስተር። «የቸገረኝ ሌላ ነው። ባለሥልጣን ደርድሬ ምን ላስተምር? አንድ በሽታው ያለበት ሰው ወጥቶ ቢናገር ነው ሰው የሚያምነኝ። ማን ይወጣልኛል?»

«ሥራውን ለእኔ ይስጡኝ፤ የሚናገር ሰው እኔ አመጣልዎታለሁ» አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ደንበኛ እንዳያመልጠው የሚጣደፍ ነጋዴ የሌለ ዕቃ «አለ» እንደሚል።

ከድጃን ለማሳመን ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ታጭታ ነበር። እጮኛዋ አህመድ የሚባል የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ኒካሑ ከአጨዳ በኋላ ሊሆን ቀን ተቆርጦለታል። አህመድ አያውቅም፤ እናቱም አታውቅም። «ካገባኝ በኋላ ራሴ እነግረዋለሁ፤ መጀመሪያ እኔን ይወቀኝ፣ በሽታዬን ቀጥሎ ያውቀዋል» ትል ነበር። በዚህ ላይ መድረክ ላይ ውጪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ግን ካናቴራው ታዟል።

እሺ ያሰኛት የእኔ ምላስ አልነበረም። በዚያ ወር መድኃኒት ልትወስድ አብረን ስንወርድ፣ ወረፋው ላይ አንዲት የገጠር ሴት ልጇን አቅፋ ቆማለች። ልጅቱ ምድጃ ዳር ወድቃ ፊቷ ተቃጥሏል። ቤት ሙሉ ሰው ነበረ፤ አረፋውን ፈርቶ የነካት የለም። ተመልሰን ደሴ ስንደርስ ከድጃ «እናገራለሁ» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምናገረው፦ ስንወድቅ ንኩን። ግን ኮምቦልቻ ከሆነ፣ ስሜ ካልተጠራ፣ ደሴ ካልተሰማ።»

«አብሽሪ» አልኳት። አብሽር፣ አይዞህ እንደማለት፣ በወሎ ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ለፈራም የምንሰጠው ቃል ነው። ከኪስ ምንም ስለማያስወጣ ሁላችንም ቸሮች ነን።

ንግግሩን የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነበር። መጀመሪያ ለክቡር አስተዳዳሪው ምስጋና፣ ቀጥሎ ለጤና ኃላፊው፣ ለማኅበሩ፣ ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ጥሪያችንን አክብረው ለመጡ እንግዶች። ከድጃ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«የእኔ ነገር የት አለ?»

«መጨረሻ ላይ። ክብር መጀመሪያ ነው የሚሰጠው።»

«መጨረሻው ላይ እስክደርስ አይመሽብኝም?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን የካናቴራውን ክፍያ የሚፈርሙት እነማን እንደሆኑ አስቤ ነበር ስማቸውን ከፊት የደረደርኩት።

ዋዜማው ላይ ሲስተር አልማዝ ጨነቃት። በየግድግዳው ማስታወቂያ ለጥፋ፣ ሰው ቆሞ ሲያነብ አላየችም። «ማንም አይመጣም» አለችኝ። ይሄኔ ብልጠቴ መጣ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቅሬ ከጠራ የሚቀር የለም። ከተማውን በጡሩምባ እየዞሩ የሚጠሩት አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቤታቸው ሄድኩ።

«አያ ይማም፣ ነገ ሕዝብ ይጠሩልኛል።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ስለ በሽታ ትምህርት አለ።»

«ታዲያ የማንን ስም ልጥራ?»

«ስም የለውም አያ። እንዲያው ውጡ ይበሉ።»

«ልጄ፣ እኔ ስም የሌለው ጥሪ ጠርቼ አላውቅም» አሉኝ። «ስም ሳይሰማ ማን ካልጋው ይነሳል? ‹እገሌ› ስትለው ነው ሰው ጫማውን የሚፈልግ።»

ካናቴራ የጫነው መኪና ደጅ ቆሞ ክላክስ ይነፋብኛል። «እንግዲያው ከድጃ ይበሉ» አልኩ።

«የማን ልጅ?»

«የሰይድ።»

«የየት? ኮምቦልቻ ከድጃ ሰይድ የምትባል ሞልታለች።»

«የደሴዋ። የሸዋ በሯ።»

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት መልስ። አንድ ክር እንኳ በነፃ ሰጥቼ የማላውቅ ሰው፣ የሰው ስም ከነአባቱ ከነሰፈሩ በነፃ ሰጠሁ።

አያ ይማም በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጡሩምባቸውን ነፉ። «ከድጃ ሰይድ! የደሴዋ፣ የሸዋ በሯ! አራት ሰዓት ኳስ ሜዳ!» «ለትምህርት ነው» ብለው መጨረሻ ላይ ጨምረዋል፤ አልዋሹም። ግን ከስሙ በኋላ ያለውን ማን ይሰማል?

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኳስ ሜዳው ሞላ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመው፣ ወጣቶቹ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ይዘው። ፊት ለፊታቸው «የሚጥል በሽታ በመድኃኒት ይታከማል» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ጀናዛው የታለ?»

«ጀናዛ የለም አባቴ፣ ትምህርት ነው።»

«ትምህርቱ ከቀብሩ በፊት ነው በኋላ?»

ሲስተር አልማዝ በደስታ ክንዴን ጨበጠችኝ። «እንዲህ ያለ ሕዝብ በዘመኔ አይቼ አላውቅም!»

ከድጃ ከደሴ የመጣችው ከጥሪው በኋላ ስለነበር አልሰማችም። ነጩን ካናቴራ በልብሷ ላይ ደርባ፣ ኮፍያውን በሻሿ ላይ ደፍታ፣ ሕዝቡን አየች።

«ዶማው ለምንድን ነው?»

«ከልማት ሥራ መጥተው ይሆናል» አልኳት። ያኔ ሰው ሁሉ ልማት ላይ ይውል ስለነበር አመነችኝ።

ወጥታ ማንበብ ጀመረች። «ክቡር አስተዳዳሪ፣ ክቡር የጤና ኃላፊ፣ የተከበራችሁ…» ምስጋናው አላልቅ አለ። እየጻፍኩት እንዲህ ረጅም አልመሰለኝም ነበር። ሕዝቡ ሬሳው እስኪወጣ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ታገሠ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጠፈችና በራሷ አፍ «እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ» አለች። ከአጠገቤ አንዲት ባልቴት «ይቺ ናት እንዴ ሟች?» ብለው ጠየቁ።

በዚህ መካከል ነው ከሜዳው ዳር ዋይታ የተሰማው። የጠዋቱ ሚኒባስ ወሬውን ይዞ ሐረጎን ወጥቷል። እትዬ ዘሐራ ክር ልትገዛ በማለዳ የወጣች ልጃቸው ስም ኮምቦልቻ ላይ ለቀብር ተጠራ ሲሏቸው ሻሻቸውን ሳያስሩ ነው የመጡት። ግማሹ ሸዋ በር ተከትሏቸዋል። ክንዳቸውን ደግፋ የያዘቻቸው ሴት የአህመድ እናት ነበረች።

እትዬ ዘሐራ ልጃቸውን መድረኩ ላይ ቆማ ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ! አለች! አለችልኝ!» ብለው መሬት ሳሙ። ቀና ሲሉ «ለመሆኑ ምን ትሠራለች እዚያ ላይ?» አሉ። አንዷ ነገረቻቸው። የአህመድ እናት ክንዳቸውን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ አየኋት፣ ትኩስ ነገር እንደሚለቁ አድርጋ አልነበረም፣ ቀስ ብላ ነው።

«ውሸት ነው!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘሐራ። «ልጄ ጤነኛ ናት! ማን ነው ይህን ያስባላት?»

ከድጃ እናቷን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። እኔ የኮፍያ ካርቶን እያስተካከልኩ ነበር።

እናቷ መድረኩ ላይ ወጥተው ኮፍያውን ከራሷ ነጥቀው ጣሉ፤ በነጠላቸው ሸፍነው እንደ ሬሳ ጠቅልለው ይዘዋት ወረዱ። ዶማና አካፋ የያዘው ሕዝብ መንገድ ከፈተላቸው። ስንወድቅ ንኩን የሚለው ቃል ከታጠፈው ወረቀት ውስጥ ሳይወጣ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ከአህመድ ቤት ሽማግሌዎች መጡ። ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ወሎዬ ናቸው። ልጁ ጅቡቲ መስመር ላይ ሥራ እንደበዛበት፣ ለጊዜው ይቆይ እንደተባለ ነግረው፣ አላህ ያሻለውን እንዲያደርግ ዱዓ አድርገው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ደንበኞቿም ክፉ አልሆኑባትም። ሱሪያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ከደጇ ሰላምታ ሰጥተዋት እያለፉ፣ ማዶ ካለው ሰፊ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ጋዜጣው ለይሉኝታ ነው።

እኔስ? አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሱሪ ገዝቶ «የት ላሳጥረው?» አለኝ። ከድጃ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ባዶ መኪናዋን ዘይት ትቀባለች። እኔ በአገጬ ወደ ማዶው አመለከትኩት። ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛው ቅር እንዲለው አልፈለግሁም። ከድጃ አላየችም ብዬ ነበር። በማግሥቱ ግን በረንዳውን ለቀቀች።

አክስቷ ዘንድ፣ ከኮምቦልቻ በታች ወዳለችው ሐርቡ ወረደች። የስፌት መኪናዋን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። «አብሽር» አለችኝ።

ሲስተር አልማዝን ካገኘኋት ከወራት በኋላ ነው። ፊቷ በርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጓዳው የተደበቀው ሁሉ እየወጣ መድኃኒት መውሰድ ጀምሯል፤ ወረፋው ከበር ወጥቷል። «ያቺ ልጅ ናት ያስተማረችልኝ!» አለች። ቀጥላም «ግን እሷ ራሷ መምጣት አቆመች፤ ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረፋው ሁሉ ስሟን የሚያውቅባት ሴት እንዴት ወረፋ ትቆማለች? አልኩ በልቤ። በአፌ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኩ። ከአህመድ ሽማግሌዎች የተማርኳት ናት።

ሐርቡ የሄድኩት በሁለተኛው ዓመት፣ ለገበያ ነው። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። መንገድ ዳር በግራ እጇ ብርቱካን የምትደረድር ሴት አየሁ፤ ቀኝ እጇ በሻሽ ተጠቅልሏል። ልለያት አልቻልኩም፤ እሷ ናት በስሜ የጠራችኝ።

«የስፌት መኪናሽ የት ደረሰ?» አልኳት።

«ተሸጠ። በአንድ እጅ ማን ይሰፋል?» ሻሹን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጣቶቿ ተጣብቀው እንደ ጭብጥ ቀርተዋል። «ልብስ ስተኩስ ጣለኝ። ካውያው ፍም የሞላበት ነበር፤ እጄ ላይ ተጋደመ። ሰው ሞልቶ ነበር አሉ። ክብሪት ጫሩልኝ፤ አንድ ፓኮ ሙሉ። ካውያውን ግን ከእጄ ላይ ያነሳው የለም።»

«ከድጃ…»

«‹ስንወድቅ ንኩን› ከምትለዋ ነበር መጀመር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ሱሪ ሲበላሽ ስፌቱ የት እንደሳተ የምታሳይ ትመስል ነበር። «አንተ ግን ክቡር አስተዳዳሪን አስቀደምክ።»

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ብርቱካን ትገዛለህ?»

ገዛሁ። አንዱን ልትልጥልኝ በተጣበቀው እጇ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ ቢላውን በግራ ይዛ ጀመረች። አልያዝኩላትም። ለምን እንዳልያዝኩላት እስከ ዛሬ አላውቅም። ብርቱካኑን በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር፣ ይህም ያሳፍረኛል።

ዛሬም ሐርቡ ናት፤ አምና በዚያ ሳልፍ ከመኪና ሆኜ አይቻታለሁ። ስለዚህ ባለ ሰማያዊ ሰደርያዋ ልጅ ጮክ ብላ «ሰው ያውቃሉ ወይ?» ስትለኝ እውነተኛው መልስ «አዎ» ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«እንግዲህ ካጋጠመዎት» ብላ ስልኳን ጽፋልኝ ሄደች። ጥሩ ልጅ ናት፤ የምትለውም ሁሉ ልክ ነው፣ መድኃኒቱም ልክ ነው፣ ሲስተር አልማዝም ልክ ነበረች።

ስትወጣ መነጽሬን አድርጌ ወረቀቷን አነበብኩ። ከላይ የተባባሪ ድርጅቶች ምልክት በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። ከሥሩ ምስጋና አለ። «ሰው ሲወድቅ አይሽሹ፤ ይንኩት፣ ከእሳት ያርቁት፣ አይተላለፍም» የሚለው ከሁሉ በታች፣ በትንሹ ተጽፏል፤ ልጅቱ በለጠፈችበት ቦታ ደግሞ ከስኳር ጆንያው ጀርባ ገብቷል። ወረቀቱን ቀስ ብዬ ላጥኩና በርጩማ ላይ ወጥቼ ከፍ አድርጌ ለጠፍኩት። አሁን የድርጅቶቹ ምልክት ጣሪያ ሥር ለሸረሪት ቀርቷል፤ የታችኛዋ መስመር ለሚገባ ሰው ዓይን ላይ ትውላለች። ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ የዘገየች እርማት ናት።

መሐል ላይ የአንዲት የማላውቃት ሻሽ ያሰረች ሴት ፎቶ አለ፤ ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል። ፈገግ ብላለች። ማን እንዳሳመናት አላውቅም። ደንበኛ ሲጠፋ ቀና እያልኩ አያታለሁ። ፎቶው ደረቷ ላይ ያበቃል፤ እጆቿ አይታዩም።